ለአንድ ጨዋታ አንድ ሰው

ጎታቾቹ ገመዱን በትከሻቸው አጋድመው፣ በወንዙ ዳር አጎንብሰው ይራመዳሉ፤ ጀልባዋ የጤግሮስን ውሃ እየሰነጠቀች ሽቅብ ወደ ባግዳድ ትሳባለች። ኑዓይም ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ እግሮቹን አንጠልጥሎ፣ ዐይኖቹን ጨፍኖ ተቀምጧል። ዕድሜው ገና ዘጠኝ ነው። ከኋላው ሽማግሌው ሸይኽ ሱማማ በተጠቀለለ ምንጣፍ ላይ ተጋድመዋል። በመካከላቸው ገበታም ጠጠርም የለም። ሰንጠረዡን የሚጫወቱት በአፋቸው ነው።

“ፈረሴን ዝሆንህ ፊት አመጣሁት” አሉ ሱማማ።

“ይምጣ። ሠረገላዬን ረስተውታል መሰለኝ።”

“አልረሳሁትም።”

“ባይረሱት ኖሮ ፈረሱን ከቦታው አያስነሱትም ነበር።”

ሱማማ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ጎታቾቹም ነገሩ ገብቷቸው ሳቁ።

“ሸይኽ፣ ይህን ልጅ ወንዝ ይክተቱትና ይገላገሉ” አለ ከፊት ያለው። “ባግዳድ ሲደርስ በሰው ፊት ያዋርድዎታል።”

“ከዋሲጥ ተነስተን እዚህ እስክንደርስ ሲያዋርደኝ አይደል የከረመው? ምን የቀረኝ ክብር አለ ብለህ ነው!”

ረይጣ ከጀልባዋ መሐል ሆና የወንድሟን ጀርባ ታያለች። ከቀሚሱ በላይ የአንገቱ አጥንት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰዎች ሲስቁ እሱ አልሳቀም። አባታቸው ከተወሰደ ወዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

አባታቸው ዑባዳ ቁሰይባ በምትባል የረግረግ መንደር የደንገል ምንጣፍ እየሠራ የሚኖር ሰው ነበር። ኑዓይምን ሰንጠረዥ ያስተማረው እሱ ነው፤ ንጉሡንም ዝሆኑንም ከወንዝ ጭቃ አበጅቶ፣ በፀሐይ አድርቆ። ዐምና በጸደይ ወንዙ ሲሞላ፣ የኸሊፋው ዋና ሹም የወዚሩ እርሻ አዛዥ ውሃው ወደ ሩዙ እንዳይገባ በግድቡ ላይ ጠባቂ አቆመ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ መንደሩ ዞረ። ልጆች ጣራ ላይ ወጡ። አራት ወንዶች አካፋ ይዘው ሄዱና ግድቡን በእርሻው በኩል ቆረጡት፤ መንደሩ ተረፈ፣ ሩዙ ሰጠመ። ውሃው ሳይጎድል ወታደሮች መጡ። ዑባዳን፣ የአምስት ልጆች አባት የሆነውን ቢሽርን፣ ሽማግሌውን ዐትታብን፣ ረይጣን ያጨውን ሑምራንን፣ አራቱንም በአንድ ሰንሰለት አስረው ወደ ባግዳድ ወሰዷቸው።

ከዚያ በኋላ ኑዓይም አብሮት የሚጫወት ሰው አጣ። ረይጣ ምንጣፍ ልትሸጥ ዋሲጥ ስትወርድ ይዛው ትሄድ ነበርና፣ ከመስጊዱ ጥላ ስር የሚጫወቱትን ሽማግሌዎች አየና ልጫወት አለ። መጀመሪያ ሳቁበት፣ ኋላ ሲያሸንፋቸው ተቆጡ፣ በመጨረሻ ሱማማን ጠሩ። ሱማማ በወጣትነታቸው በወዚሩ ቤት ከአንደኛ ማዕረግ ተጫዋቾች አንዱ ነበሩ። ወዚሩን በእንግዶች ፊት በማሸነፋቸው ተባረሩ ይባላል፤ እሳቸው ግን “ቁመቴ ረዝሞበት ነው” ይላሉ። ልጁ ሲያሸንፋቸው አልተቆጡም። ለረይጣ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦

“ወዚሩ ጥሩ ጨዋታ አይቶ ደስ ሲለው ‘ጠይቅ’ ይላል። ይህ ልጅ የሚጠይቀው አለው?”

“አባቱን” አለች ረይጣ።

እነሆ አሁን ባግዳድ ገቡ። ጀልባ በጀልባ ተያይዞ የተዘረጋውን ድልድይ አልፈው፣ የደንገል ነጋዴዎች በሚያድሩበት ግቢ አረፉ። ሱማማ የድሮ ወዳጆቻቸውን ሲያስቸግሩ ሰነበቱና ሐሙስ ከቀትር ሶላት በኋላ ልጁ ወዚሩ ፊት እንዲቀርብ ተፈቀደ።

ሐሙስ ጠዋት ረይጣ ዳቦ፣ ቴምርና የደረቀ ዓሣ በዘንቢል ይዛ ወደ እስር ቤቱ ሄደች። አባቷ ዛሬ የሚሆነውን እንዲያውቅ ፈልጋለች። እስር ቤቱ ከመሬት በታች ነው፤ ከላይ የሚታየው በርና ግንብ ብቻ ነው። ሴቶች ተሰልፈው፣ እያንዳንዷ ስም እየጠራች ምግቧን ታስረክባለች። ጠባቂው ስሙን ወደ ታች ይጮኻል፤ ከታች መልስ ሲመጣ ዘንቢሉን በገመድ ያወርዳል።

“ዑባዳ፣ ከቁሰይባ” አለች ተራዋ ሲደርስ።

ጠባቂው ጮኸ። ከታች የሆነ ድምፅ መለሰ። ጠባቂው ገመዱን ሳያነሳ ዘንቢሉን መለሰላት።

“ለዚህ ስም የሚበላ የለም።”

“የት ሄዶ?”

“እህቴ፣ ከዚህ ወዴት ይኬዳል?” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “በብርዱ ወራት ነው። ሳል ይዞት ነበር። አሏህ ይዘንለት። በይ እለፊ፣ ከኋላሽ ሰው አለ።”

አላለፈችም። ከኋላዋ ያለች አሮጊት ክርኗን ያዝ አድርጋ “ሌላ ሰው አለሽ እታች?” ብላ ጠየቀቻት። ረይጣ ያኔ የሦስቱን ስም ጠራች። ሦስቱም አሉ ተባለ። ዘንቢሉ ወረደ።

ስትመለስ ሱማማ ከግቢው በር ላይ ጺማቸውን እያበጠሩ ነበር። ፊቷን ሲያዩ ማበጠሪያው እጃቸው ላይ ቀረ። ነገረቻቸው።

“ኢና ሊላሂ…” አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ “ለልጁ አትንገሪው።”

“ምን አሉ?”

“እስኪጫወት ብቻ። ስሚኝ ልጄ፣ ከነገርሽው እጁ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ካሸነፈ ከረግረግ ወጣ ማለት ነው፤ ከተሸነፈ ግን ያ በር ሁለተኛ አይከፈትለትም። ሙት እንደሆነ እስከ ማታ ቢቆይ አይቀየምም።”

“ሲያሸንፍ ‘አባቴን ስጡኝ’ ይላል” አለች ረይጣ። “ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ። አዳራሹ ሁሉ እያወቀ እሱ ብቻ ሳያውቅ።”

ሱማማ ማበጠሪያውን እጅጌያቸው ውስጥ ከተው ከበሩ ዞር አሉላት።

ኑዓይም ከውሃ ጉድጓዱ ዘንድ ፊቱን እየታጠበ ነበር። ከጎኑ ቁጢጥ አለችና በሻሿ ጫፍ ፊቱን አደረቀችለት፤ ከዚያ ነገረችው። ልጁ አላለቀሰም። 

“ማን አጠበው?” አለ።

“አላውቅም፣ ነፍሴ።”

“ሑምራን ይሆናላ። ሑምራን አብሮት ነበር።”

“አዎ፣ ሑምራን ይሆናል።”

“እና አሁን ለማን ነው የምጫወተው?”

“ሦስቱ በሕይወት አሉ” አለችው።

የወዚሩ አዳራሽ በፋርስ ምንጣፍ የተነጠፈ፣ ከመሐሉ ውሃ የሚፈስበት ነበር። ኑዓይም በሩ ላይ ቆሞ “እህቴ ካልገባች አልገባም” ስላለ፣ ረይጣ ሻሿን እስከ ዐይኗ አውርዳ ከአንድ ዓምድ ስር እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። ወዚሩ ወፈር ያለ፣ ጥቁር የማዕረግ ካባ የለበሰ፣ ጣቶቹን ከጽጌረዳ ውሃ ውስጥ እየነከረ የሚያወጣ ሰው ነው። ከገበታው ማዶ የቤቱ ተጫዋች ቁዳማ ተቀምጧል፤ ሸበቶ፣ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ። የዝሆን ጥርስና የዞጲ እንጨት ጠጠሮች ተደርድረዋል።

“ሱማማ፣ አርጅተሃል” አለ ወዚሩ።

“ጌታችንም ወፍረዋል፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም እንደ ዕጣችን።”

ወዚሩ ፈገግ አለና ወደ ልጁ ዞረ። “ካሸነፍክ አባትህን ትጠይቀኛለህ አሉ።”

“አባቴ ሞቷል፣ ጌታዬ።”

 ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ በወዚሩ ጆሮ አንሾካሾከ። ወዚሩ ጣቶቹን በፎጣ አደረቀ።

“እኔ ዘንድ ወሬው አልደረሰም። አሏህ ይማረው። እንግዲያስ ምን ትፈልጋለህ? ልብስ? በቅሎ?”

“አብረውት የታሰሩ ሦስት ሰዎች አሉ። እነሱን።”

“ግድቤን የቆረጡትን?”

“እኛ ጣራ ላይ ነበርን፣ ጌታዬ” አለ ኑዓይም።

አንዱ እንግዳ ሊስቅ ጀመረና ወዚሩ ሳይስቅ ሲያይ ዋጠው። ወዚሩ ልጁን አተኩሮ አየው፤ ነገሩ እንደ አዲስ ምግብ የጣመው ይመስላል።

“ሦስት ሰው ለአንድ ጨዋታ ብዙ ነው። ለአንድ ጨዋታ አንድ ሰው። ስታሸንፍ አንድ ይወጣል፣ ስትሸነፍ ጨዋታው በቃ። የመጀመሪያው ማን ነው?”

ኑዓይም ወደ ዓምዱ ዞሮ እህቱን አየ። አዳራሹም አብሮት ዞረ። ረይጣ በሕይወቷ ይህን ያህል ዐይን አርፎባት አያውቅም።

“ቢሽር” አለች። “አምስት ልጆች አሉት።”

የመጀመሪያው ጨዋታ ቶሎ አለቀ። ቁዳማ ልጅ ነው ብሎ በዝግታ እግረኞቹን ሲያስጠጋ፣ ኑዓይም ሁለቱን ፈረሶቹን ከሁለት ወገን አስገብቶ ንጉሡን ከገዛ ዝሆኑ ጀርባ አፈነው። “ሞተ” አለ ልጁ፤ ቃሉን ካለ በኋላ ከንፈሩን ነከሰ። ወዚሩ ጉልበቱን በእጁ መታ። ጸሐፊው ስሙን ጽፎ አንድ አሽከር ወደ እስር ቤቱ ላከ።

“ቀጣዩስ?” አለ ወዚሩ።

የሑምራን ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሑምራን ደንገል ሲያጭድ ከሩቅ በዘፈኑ ይታወቃል፤ ለማጫዋ ጀልባ በገዛ እጁ ሠርቶላት፣ ጀልባዋ ዛሬም ከእናቱ ደጅ ተደፍታለች። ሽማግሌው ዐትታብ ግን ጥርስ የላቸውም፤ ጠዋት ወደ ታች የወረደው ዳቦ እንኳ ለእሳቸው ደረቅ ነው። ሌላ ክረምት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አይዘልቁም። ሑምራን ወጣት ነው፤ ይችላል። ደግሞም ስሙን ብትጠራ፣ በወንዙ ዳር ያሉ ሴቶች ሁሉ ‘እጮኛዋን ለማውጣት ሽማግሌ ጉድጓድ ጥላ መጣች’ ይሏታል። ይህን ማሰቧን ራሷ ታዘበችው።

“ዐትታብ” አለች።

ኑዓይም ዞረ። “እርግጠኛ ነሽ፣ እቴ?”

“ዐትታብ ነው ያልኩህ።”

ሁለተኛው ጨዋታ ረዘመ። ቁዳማ አሁን አልናቀውም፤ ቀስ ብሎ፣ መንገድ መንገዱን እየዘጋ መጣ። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ተብሎ ሰዎች ሰግደው ሲመለሱ ጠጠሮቹ እንደነበሩ ነበሩ። ልጁ ግንባሩን በሁለት መዳፉ ደግፎ፣ በሰውነቱ ወዲያና ወዲህ እያለ ይጫወታል። በመጨረሻ ከሁለቱም ወገን ጥቂት ጠጠር ሲቀር፣ ኑዓይም በአንዲት እግረኛ አሸነፈ። ሱማማ ዐይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ቁዳማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለልጁ ጎንበስ አለ፤ ከልቡ ነበር።

“ጌታችን” አለ ቁዳማ፣ “ልጁ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ለነገ ቢቆይ?”

“ነገ ዓርብ ነው፤ ከኸሊፋው ጋር ነኝ። ከነገ ወዲያ ደግሞ ይህን ሁሉ እረሳዋለሁ። አሁን ይሁን።”

ኑዓይም ውሃ ጠጣ። ወደ ዓምዱ ሄዶ ለእህቱ በሹክሹክታ፣ “አሁን ሑምራን ነው፣ አይደል?” አለ።

“አሁን ሑምራን ነው።”

ሲጀምር ከሁለቱም የተሻለ ጨዋታ ነበር። እንግዶቹ ሳይቀር ከመከዳቸው ተነስተው ከበቡት። የቁዳማ ዝሆኖች ተራ በተራ ወደቁ፣ የንጉሡ አማካሪ ፈርዙም ጥግ ያዘ። ከዚያ ልጁ ሠረገላውን አነሳ፤ ጥቂት አየር ላይ ያዘውና አስቀመጠው። ሱማማ ከተቀመጡበት ትንፋሻቸውን ሲስቡ ረይጣ ሰማች። እሷ ጨዋታውን አታውቅም፤ የሱማማን ፊት ግን አየች።

ቁዳማ ገበታውን እያየ ቆየ። ፈረሱ ሠረገላውን ሊበላ ይችላል፤ ከበላው የልጁ ንጉሥም አብሮ ይያዛል። እጁ ከፈረሱ በላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ልጁን አየ፣ ከዚያ የልጁን እህት አየ። እጁ ወደ ሌላ ጠጠር፣ ወደ አንዲት ከንቱ እግረኛ፣ በጥቂቱ ዘነበለች።

“ቁዳማ” አለ ወዚሩ በለስላሳ ድምፅ። “ምን ትጠብቃለህ?”

ቁዳማም ሚስትና ልጆች ነበሩት፤ የሚኖረውም በዚያው ግቢ ነበር። ፈረሱን አንስቶ ሠረገላውን በላ።

ኑዓይም እስከ መጨረሻው ታገለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ንጉሡ ብቻውን ቀረ፤ ይህም መሸነፍ ነው።

“አንድ ጊዜ ብቻ ድገሙልኝ” አለ። “ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ።”

“ልጅ ይተኛ” አለ ወዚሩ። ተደስቷል፤ አይቶት የማያውቀውን ሁለት ጊዜ አይቶ፣ በመጨረሻም የቤቱ ሰው አሸንፎለታል። “ይህ ልጅ ከእንግዲህ ከቤቴ አይወጣም። ሐር አልብሱት። መምህር ይመደብለት። ሱማማም ይቆይ፤ የልጁን ቋንቋ የሚያውቀው እሱ ነው።”

ሱማማ ለዓመታት ሲመኙት የኖሩት ቃል ይህ ነበር። “ጌታችን ይኑሩልን” አሉና አንገታቸውን ደፉ፤ ቀና ለማለት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

ቅዳሜ ዕለት ኑዓይም እህቱን ሊሸኝ ወደ ወንዙ መጣ። የለበሰው ሐር ረዝሞበት ጫፉን በእጁ ሰብስቦ ይዟል። ቢሽርና ዐትታብ ከጀልባዋ ውስጥ ናቸው፤ ብርሃኑ ዐይናቸውን ስለሚወጋቸው በጨርቅ ሸፍነዋል።

“አብሬህ ልቅር” አለችው ረይጣ።

“አያስቀሩሽም። ጠይቄያለሁ።” ከዚያ፣ “ወዚሩ ደስ ባለው ቀን ሁሉ ስለ ሑምራን እጠይቀዋለሁ። አንድ ቀን እሺ ይላል።”

“ይላል፣ ኢንሻአላህ።”

“እቴ፣ ሠረገላውን እኮ ሳላውቅ አይደለም…” አለና ቆመ።

“ደክሞህ ነበር፣ ነፍሴ።”

“አልደከመኝም። አባባን እያሰብኩ ነበር። ሲያጥቡት ውሃው ቀዝቃዛ ነበር ወይ እያልኩ።”

ረይጣ አቀፈችው። ሐሩ ከእጇ እየተንሸራተተ አልያዝ አላት። ሱማማ ቀስ ብለው መጥተው ልጁን በትከሻው ያዙት፤ ጀልባዋ ከዳር ስትርቅ ልጁ እጁን አላነሳም፤ ቆሞ ብቻ ያይ ነበር።

ቁልቁል ሲሆን ገመድም ጎታችም አያስፈልግም፤ ወንዙ ራሱ ይወስዳል።  በሁለተኛው ቀን ዐትታብ ጨርቁን ከዐይናቸው ገለጥ አድርገው ለረይጣ፣

“ስሜ ሲጠራ ደረጃውን መውጣት አቃተኝ” አሏት። “ሑምራን በጀርባው አዝሎ አወጣኝ። ‘አባባ ዐትታብ፣ እናቴን ሰላም በሉልኝ’ አለኝ። በሩ ላይ ሲደርስ መለሱት።”

“ስለ እኔስ?” ልትል ፈለገች፤ አላለችም። ሽማግሌው ግን እንደሰሙ ሁሉ፣ “ስምሽን አልጠራም፣ ልጄ። በሩ ክፍት እያለ ግን ብርሃኑን ያይ ነበር” አሉ።

ቁሰይባ ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ኖሮ፣ ሴቶቹ በሙሉ ከውሃው ዳር ቆመዋል። የቢሽር ሚስት እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ ባሏን ሳይወርድ ያዘችው። የዐትታብ የልጅ ልጆች ሽማግሌውን በአራት ወገን ተሸክመው ወሰዷቸው። ዕልልታው ወደ ሸምበቆ ጎጆዎቹ እየራቀ ሄደ።

የሑምራን እናት እማማ ሉባባ ዳር ላይ ቀረች። ባዶዋን ጀልባ አየች፤ ከዚያ አሻግራ፣ ወንዙ ወደሚታጠፍበት አየች።

“ከኋላ ሌላ ጀልባ አለ?”

“የለም፣ እማማ።”

ሉባባ ወደ ረይጣ ዞረች። “ስማቸውን የጠራሽው አንቺ ነሽ አሉ።”

“እኔ ነኝ።”

“የኔን ልጅ ስንተኛ ጠራሽው?”

“መጨረሻ።”

“ለምን?”

ረይጣ በመንገድ ላይ ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ስለ ቢሽር ልጆች፣ ስለ ዐትታብ ጥርስ፣ ስለ ክረምቱ። አንዱም አልመጣላትም።

“የኔ ስለሆነ” አለች።

ሉባባ ጎንበስ ብላ የጀልባዋን ገመድ ከረይጣ እጅ ወሰደችና ከግንዱ ላይ አሰረችው። ቋጠሮውን አጥብቃ፣ እንደገና አጠበቀችው።

“የኔም ነበረ” አለች፤ ከዚያም ፊቷን ሳታዞር ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።